ከአንቀልባ እስከ ማቆያ፦ ሽንት ጨርቁን ማን ያጥባል?

አንቀልባ ቀላል ነገር ይመስላል። የለፋ ቆዳ ነው፤ ማሰሪያ አለው፤ አቅም ያለው ደግሞ በዛጎል ያስጌጠዋል። ቀረብ ብለን ካየነው ግን ሙሉ ሥርዓት ነው። ልጁ የእናቱን ሙቀት ያገኛል፤ እናት ሁለት እጇ ነጻ ይሆንላታል። ታቦካለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ገበያ ትወጣለች፣ ልቅሶ ትደርሳለች። ልጁ ሲያሰኘው ይተኛል፣ ሳያሰኘው ዓለምን በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ያያል። በቆዳውና በልጁ መቀመጫ መሀል ደግሞ ማንም ልብ የማይለው አንድ ነገር ይገባል፦ ያረጀ ጋቢ ቁራጭ፣ የነጠላ እራፊ። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ እራፊ ነው።

ስለ ምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ታሪክ ሲወራ ቶሎ የሚነሣው ስም መቅደላ ነው። አጼ ቴዎድሮስ፣ ሴባስቶፖል፣ የእንግሊዝ ጦር፣ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም.። መካነ ሰላም፣ አጅባር፣ ወግዲ፣ አቀስታ በዚያ ትረካ ውስጥ ስማቸው እምብዛም አይነሣም። በዚያው ደጋ ላይ ግን በየቀኑ፣ በየቤቱ ልጅ ይታዘል ነበር፤ ጨርቅ ይረጥብ ነበር፤ አንዲት ሴትም ወንዝ ወርዳ ታጥበው ነበር። ይሄኛውን ጉዳይ የጻፈ ጸሐፌ ትእዛዝ የለም።

ዛሬ ነገሩ ተመልሶ የመጣው በሕፃናት ማቆያ በር ነው። እናት የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ሥራ ልትመለስ ነው። ማቆያው ይዛ የምትመጣውን ዕቃ ይነግራታል፦ ጡጦ፣ ቅያሪ ልብስ፣ ዳይፐር። «እኔ በጨርቅ ነው የማሳድገው» ካለች ሞግዚቶቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ለምን? አያቶቻችን በጨርቅ አሳድገውን የለም እንዴ? መልሱን ለማግኘት ጨርቁን ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል። በየደረጃው ሁለት ጥያቄዎች አብረውን ይጓዛሉ፦ ልጁን የያዘው ማነው? ጨርቁን የሚያጥበውስ?

ጀርባ ላይ ያለ እውቀት

ልጇን አዝላ የምትውል እናት ልጁ ሊሸና ሲል ታውቃለች። ይቁነጠነጣል፣ ድንገት ዝም ይላል፣ ወይም እግሩን ይወጥራል። ታወርደዋለች፤ እግሯን ዘርግታ ትቀመጥና በሁለት እግሮቿ መሀል ታስቀምጠዋለች፤ «ሽሽሽ» ትለዋለች። ከጊዜ በኋላ ልጁ ድምፁንና ነገሩን ያገናኛል። ሁልጊዜ አይሳካም፤ እራፊው ያለው ለዚያ ነው። እራፊው መጠባበቂያ ነው፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራው የእናትየው ትኩረት ነው።

ይህ የኛ ብቻ ጥበብ አይደለም። በ1977 እ.ኤ.አ. «ፔዲያትሪክስ» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በኬንያ ጠረፍ የሚኖሩትን ዲጎዎች ተመልክቶ ነበር። እናቶቹ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምረው ልጆቻቸውን ያለማምዳሉ፤ አምስት ስድስት ወር ሲሞላቸውም ልጆቹ በአብዛኛው ቀንም ሌሊትም ደረቅ ሆነው ይገኛሉ። በዚያው ዘመን የአሜሪካ ሐኪሞች ወላጆችን «ልጁ ራሱ ዝግጁ እስኪሆን ሁለት ዓመት ገደማ ጠብቁ» ይሉ ነበር። የዲጎ ልጅና የአሜሪካ ልጅ ፊኛቸው አንድ ነው። የሚለያዩት አጠገባቸው ባለው ሰው ነው። የዲጎዋ እናት ልጇ ቀኑን ሙሉ ሰውነቷ ላይ ነው፤ ምልክቱን ታነባለች።

ወሎ ላይ ይህ እውቀት በእናት ብቻ አይቀርም። አያት ታዝላለች፣ ታላቅ እህት ታዝላለች። ዕድሜዋ ገና ሰባት ስምንት የሆነ ልጅ ሕፃን አዝላ ስትሮጥ ማየት ብርቅ አይደለም። ያም ሆኖ ሥርዓቱ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፦ ልጁን የሚያውቅ ሰው ቀኑን ሙሉ አብሮት መዋል አለበት። ሰው ሲቀየር ምልክቱን የሚያነብ ይጠፋል።

ሌላም ነገር አለ። በዚህ ደጋ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን ነው የሚኖረው፤ ለሁለቱም የልጅ ንጽሕና ከጤና ያለፈ ትርጉም አለው። በክርስቲያኑ ቤት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ እናትም እስከዚያ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። በሙስሊሙ ቤት ደግሞ ነጃሳ በነካው ልብስ አይሰገድም። በሻፊዒይ መዝሀብ ከጡት ሌላ ምግብ ያልጀመረ ወንድ ልጅ ሽንት ውኃ ቢረጭበት ይበቃል፤ የሴት ልጅ ግን መታጠብ አለበት። ልጅ ይዛ በቀን አምስት ጊዜ ለምትሰግድ ሴት ይህ ትንሽ ዝርዝር አይደለም። ስንት ጊዜ ልብስ እንደምትቀይር፣ ስንት ጊዜ ውኃ እንደምትቀዳ ይወስናል።

ጨርቁ ከየት መጣ?

መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። ከእሷ ከፍ ያለው አገር ደግሞ የበግና የገብስ ነው እንጂ የጥጥ አይደለም። ጥጥ የቆላ ነው፤ ደጋው ላይ የሚደርሰው ተገዝቶ ነው። ሴቷ ትዳምጠዋለች፣ በእንዝርት ትፈትለዋለች፤ ሸማኔ ይሸምነዋል። አንድ ጋቢ ከጥጥ እስከ ትከሻ የብዙ ሳምንት ድካም ነው። ስለዚህ ጨርቅ አይጣልም። ጋቢው ሲያረጅ የልጅ መጠቅለያ ይሆናል፤ መጠቅለያው ሲሳሳ ሽንት ጨርቅ ይሆናል፤ ሽንት ጨርቁ ሲበጣጠስ የቀዳዳ መወተፊያ ይሆናል።

አሮጌነቱ ደግሞ ጥቅም አለው። አዲስ ጥጥ በተፈጥሮው ሰም መሰል ነገር ስላለበት ውኃ ይገፋል። በተደጋጋሚ ሲታጠብ ያ ይለቃል፤ ጨርቁ ይለሰልሳል፣ እርጥበትም ይመጥጣል። ዛሬ የጨርቅ ዳይፐር የሚሸጡ ኩባንያዎች «ከመጠቀምዎ በፊት ደጋግመው ይጠቡት» ብለው የሚጽፉት ለዚሁ ነው። አሮጌ ጋቢ የቆረጠች ሴት ይህን ሥራ ጋቢው በአሥር ዓመት ውስጥ ሠርቶላታል።

ከዚያ አቡጀዲ መጣ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃና በ20ኛው መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ ከሚገቡ ሸቀጦች ዋነኛው የጥጥ ጨርቅ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ብዙው ከአሜሪካ ፋብሪካዎች የወጣ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ሰዎች «መሪካኒ» ይሉት ነበር። የአሜሪካ መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. በግመልና በበቅሎ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከአጼ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል የፈረመው አንዱ ምክንያት ይህን የጨርቅ ገበያ ለማስጠበቅ ነው። በዚያ ድርድር ስለ ሕፃን ያነሣ አይኖርም። ውጤቱ ግን ቤት ድረስ ገባ፦ እስኪያረጅ ሳይጠበቅ ተቀድዶ ለልጅ የሚሆን፣ በክንድ ተለክቶ የሚገዛ ጨርቅ ተገኘ። ዘግይቶ ሰልባጅ መጣ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ እዚያው ደቡብ ወሎ ውስጥ የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ጀምሮ አንሶላና ፎጣ ማምረት ያዘ። ጨርቅ ከብርቅነት ወጣ። እጥበቱ ግን እንዳለ ነው።

ወንዝ ዳር

የደጋው ሳሙና ለብዙ ዘመን እንዶድ ነበር። ፍሬው ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ውኃ ሲነካው አረፋ ይሰጣል። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ይገኛሉ። በሽታውን የሚያዛምቱት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ከዚህ ምልከታ የተነሣው ምርምር አክሊሉንና ባልደረባቸውን ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስን በ1989 እ.ኤ.አ. ለራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አብቅቷቸዋል። በኢትዮጵያ ሳይንስ ታሪክ ከሚጠቀሱት ትልልቅ ግኝቶች አንዱ የተገኘው ሴቶች ልብስ ሲያጥቡ ቆሞ በማየት ነው። የቤት ጣጣ ብለን የምናልፈው ሥራ ውስጥ ምን ያህል ነገር እንዳለ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

እስቲ እጥበቱን እናስላው። ሦስት አራት ወር የሆነው ልጅ በቀን ሰባት ጨርቅ ይቀይራል እንበል። በሁለት ቀን 14 ይሆናል። አንድ ዙር ማለቅለቅ፣ አንድ ዙር በሳሙና፣ ሁለት ዙር ማጥራት፤ በየዙሩ 15 ሊትር ብትቆጥሩ 60 ሊትር ነው። ሦስት ጀሪካን። ቧንቧ ግቢ ውስጥ ላለው ሰው ይህ ምንም ማለት አይደለም። ቧንቧው በፈረቃ ለሚመጣበት ወይም ከምንጭ ለምትቀዳ ሴት ግን 60 ኪሎ ጀርባዋ ላይ ነው፤ ያውም ለልጁ ጨርቅ ብቻ። ምግቡ፣ የገላው፣ የከብቱ ገና አልተቆጠረም።

ክረምት ደግሞ አለ። ከሰኔ እስከ መስከረም ደጋው በጉም ይሸፈናል፤ የተሰጣ ጨርቅ ቀኑን ሙሉ ውሎ እርጥብ ይገባል። ያኔ ምድጃ ዳር ይሰቀላል፤ ልጁም ጭስ ጭስ ይሸታል። በበጋ 15 ጨርቅ የሚበቃው ቤት በክረምት 25 እና 30 ይፈልጋል።

ባሕር ማዶ ምን ሆነ?

በአውሮፓና በአሜሪካም ታሪኩ የጀመረው ከጨርቅ ነው። ዋልተር ሀንት የተባለ አሜሪካዊ በ1849 እ.ኤ.አ. መርፌ ቁልፍን ፈለሰፈ፤ ጨርቁን ልጁ ላይ ማሰር ቀለለ። ግን ጨርቁ ያፈስ ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ ማሪዮን ዶኖቫን የተባለች እናት የሻወር መጋረጃ ቆርጣ፣ በስፌት መኪናዋ ሰፍታ፣ ከጨርቁ በላይ የሚለበስ የማያፈስ መሸፈኛ ሠራች። ያነጋገረቻቸው አምራቾች «ማንም አልጠየቀንም» ዓይነት መልስ ሰጧት። ራሷ አምርታ በ1949 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ለገበያ አወጣችው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ መብቱን በአንድ ሚሊዮን ዶላር ሸጠችው።

የሚጣለውን ዳይፐር ለብዙኃኑ ያደረሰው ደግሞ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ነው። ቪክቶር ሚልስ የተባለው የኩባንያው ኬሚካል መሐንዲስ የልጅ ልጁን ጨርቅ ማጠብ አንገፍግፎት ነበር ይባላል። ፓምፐርስ በ1961 እ.ኤ.አ. ፒዮሪያ በምትባል ከተማ ለሙከራ ሲቀርብ አንዱ 10 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር፤ አልተሸጠም። ዋጋው ወደ 6 ሳንቲም ሲወርድ ነው ገበያው የተከፈተው። በ1980ዎቹ ውስጥ ከራሱ ክብደት ብዙ እጥፍ ውኃ የሚመጥጥ ዱቄት ተጨመረበት፤ ዳይፐር ቀጠነ፣ ለረጅም ሰዓትም ቻለ።

በመሀል ግን ብዙ ሰው የማያስታውሰው ሌላ መንገድ ነበር። አሜሪካ ውስጥ በ1930ዎቹና በ40ዎቹ የቆሸሸ ጨርቅ ከየቤቱ ሰብስበው፣ በትልልቅ ማሽን አጥበው፣ አድርቀውና አጥፈው የሚመልሱ ድርጅቶች ተስፋፍተው ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እናቶች ፋብሪካ ሲገቡ መንግሥት በገንዘብ የሚደግፋቸው የሕፃናት ማቆያዎች ተከፈቱ፤ ያኔ የነበረው ዳይፐር ጨርቅ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፦ ጨርቅና ማቆያ አብረው መኖር ይችላሉ፤ ኖረዋልም። የሚያስፈልገው አጥቦ የሚመልስ አካል ነው።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ ዳይፐር መጀመሪያ የከተማ ሀብታም ቤት ዕቃ ነበር። ከደቡብ ወሎ ደጋ ደግሞ ብዙ ወጣት ሴቶች ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር ሄደዋል፤ የመጀመሪያውን ዳይፐር የቀየሩት ሪያድ ወይም ቤይሩት ውስጥ፣ በሰው ልጅ ላይ የሆነ አሉ። በ2017 እ.ኤ.አ. የቤልጂየሙ ኦንቴክስ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የዳይፐር ፋብሪካ ከፈተ። ዛሬ በወረዳ ከተማ ሱቅ ዳይፐር በፍሬ ተቆጥሮ ይሸጣል። እሽግ መግዛት ያልቻለ ለዛሬ ማታ አንድ፣ ለሐኪም ቤት መንገድ ሌላ አንድ ይገዛል።

ማቆያ የሚባል ክፍል

በኢትዮጵያ የዘመናዊ ቅድመ ትምህርት ታሪክ ብዙ ጊዜ ከድሬዳዋ ነው የሚጀመረው፤ በ1900 እ.ኤ.አ. አካባቢ ለባቡር ሐዲዱ ሠራተኞች ለፈረንሳዮቹ ልጆች የተከፈተ ነው። በደርግ ዘመን መዋዕለ ሕፃናት በየቀበሌው ተስፋፋ። የሚቀበለው ግን አራት ዓመት የሆናቸውን ነው፤ ማለትም ሽንቱን የሚናገር፣ ሱሪውን የሚያወርድ ልጅ። ከዜሮ እስከ ሦስት ያለው ዕድሜ የቤት ጉዳይ ተብሎ ቀረ። ለእናት፣ ለአያት፣ ለቤት ሠራተኛ።

የገጠሩ መንገድ ለየት ይላል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት ፕሮግራም በደቡብ ወሎ ብዙ ወረዳዎች ውስጥ ይሠራል፤ ሰዎች እርከን ሠርተው፣ መንገድ ጠርገው እህል ወይም ብር ይቀበላሉ። ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶች ለጊዜው ሳይሠሩ እንዲቀበሉ፣ ትንንሽ ልጅ ላላቸው ደግሞ ሥራው ቦታ ላይ የልጆች ማቆያ እንዲዘጋጅ መመሪያው ይፈቅዳል። ከጥላ በታች ልጆችን የምትጠብቅ አንዲት ሴት ማለት ነው። እዚያ ዳይፐር የለም፤ ያለው እራፊና ማሸናት ነው። በአንዲት ጠባቂ እጅ ስር ደግሞ ብዙ ልጅ አለ። የአንቀልባው ሥርዓት የተሠራው ለአንድ ጀርባ ነበር።

ከተማ ላይ ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2010 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ሁለት ነገር አደረገ። ከወሊድ በኋላ ያለውን ፈቃድ ከ60 ቀን ወደ 90 አሳደገ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ሴት ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ግዴታ ጣለ። ሁለቱን አንድ ላይ አንብቧቸው። 90 ቀን ሲያልቅ ልጁ ሦስት ወሩ ነው። ስለዚህ ማቆያው የሚቀበለው በቀን ሰባት ስምንት ጊዜ የሚያረጥብ፣ ምልክቱን ከእናቱ በቀር ማንም የማያነብለትን ልጅ ነው።

መካነ ሰላምን በዚህ ዓይን እዩአት። ሆስፒታል አለ፣ ፍርድ ቤት አለ፣ ባንክ አለ፣ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አለ። ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች መምህርት ወይም ነርስ አያት አጠገቧ የለችም። የሚያዝል ጀርባ ሲጠፋ ማቆያ ቅንጦት መሆኑ ይቀራል።

ሞግዚቷ ለምን እምቢ ትላለች?

እኔ የምሠራው ሶፍትዌር ነው። በኛ ሥራ ሁለት ሥርዓቶች የሚገናኙበትን ቦታ ኢንተርፌስ እንለዋለን፤ ብልሽት የሚበዛው እዚያ ነው። አንዱ ወገን ሌላው ያውቃል ብሎ ያሰበው ነገር ሳይነገር ይቀራል። ዳይፐርም በእናትና በሞግዚት መሀል ያለ ኢንተርፌስ ነው። የሚጣለው ዓይነት ምንም ስምምነት አይጠይቅም፦ ፍታ፣ ጥቅልል አድርግ፣ ጣል። ጨርቅ ግን ጥያቄ አለው። እንዴት ይታጠፋል? የቆሸሸው የት ይቀመጣል? ማን ያጥበዋል? እነዚህ ሳይመለሱ ሲቀሩ ሞግዚቷ «ዳይፐር አምጪ» ብትል ሰነፍ ሆና አይደለም። አምስት ስድስት ልጅ ይዛለች፤ እጇ ሁለት ነው።

የጤናው ሥጋትም እውነተኛ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመ ጥናት የሕፃናት ማቆያዎችን አወዳድሮ ነበር፤ በሚጣለው ዳይፐር ጊዜ ክፍሉና ዕቃው ላይ የሚገኘው የሰገራ ብክለት ከጨርቁ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከላይ ሱሪ መደረቡም ብክለቱን ይቀንሳል። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በሁለቱ መሀል ልዩነት አላገኘም። በ1981 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት የሞግዚቶችን እጅ መታጠብ ብቻ በጥብቅ ሲያስከብር በማቆያዎቹ ውስጥ የነበረው ተቅማጥ በግማሽ ገደማ ወረደ። ሦስቱን አንድ ላይ ሳነባቸው የሚገባኝ ይህ ነው፦ ጨርቁ በግዴለሽነት ከተያዘ ያስፈራል፤ በሥርዓት ከተያዘ አያስፈራም፤ ከሁሉ በፊት ግን ቧንቧና ሳሙና።

ሥርዓቱ ደግሞ ረጅም አይደለም። ጨርቁ ከቤት ታጥፎ፣ መሸፈኛው ውስጥ ገብቶ፣ ለመልበስ ዝግጁ ሆኖ ይመጣል፤ ሞግዚቷ ልትለምደው የሚገባ አዲስ ነገር አይኖርም። ለአንድ የሥራ ቀን ስድስት ይበቃል፤ ለጥንቃቄ ሁለት የሚጣል ዳይፐር አብሮ ይቀመጣል። መሸፈኛው ጭኑ ላይ ክፍተት መተው የለበትም፤ ከላይ ሱሪ ይደረባል። በሁለትና በሦስት ሰዓት ይቀየራል። ዓይነ ምድሩ መጸዳጃ ቤት ይደፋል። ጨርቁ ማቆያ ውስጥ አይታጠብም፣ አይዘፈዘፍም፤ የልጁ ስም ባለበት ውኃ በማያሳልፍ ከረጢት ታስሮ ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ይቆያል፤ የዚያኑ ዕለት ቤቱ ይሄዳል። ከእያንዳንዱ ቅየራ በኋላ እጅ በሳሙና። በቃ። አንድ ገጽ ላይ ተጽፎ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነገር ነው።

ሒሳቡን ማን ይከፍላል?

አሁን ወደ ገንዘቡ። በቀን አምስት የሚጣል ዳይፐር ብንቆጥር በወር 150 ነው። አንዱ 15 ብር ቢሆን 2,250 ብር ይመጣል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በተደረገው የደመወዝ ማስተካከያ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 4,760 ብር ነበር። ከደመወዙ ግማሽ ሊጠጋ ምንም አልቀረውም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 አለፈ። ዳይፐር ውስጥ ያለው ነገር፣ ጥሬ ዕቃው ሁሉ ማለት ይቻላል፣ በዶላር ነው የሚገዛው። ሩቅ ላለ ከተማ ደግሞ የመኪና ጭነት ይጨመርበታል፤ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ዋጋው ሌላ ነው።

ሃያ አራት የጨርቅ ዳይፐር ግን አንድ ጊዜ ተሰፍቶ ሁለት ዓመት ተኩል ያገለግላል፤ ለሚቀጥለው ልጅም ይደርሳል። የቆሻሻውም ነገር አለ፤ በቀን አምስት በሁለት ዓመት ተኩል ከ4,500 በላይ ነው። ቆሻሻ የሚሰበስብ መኪና በሌለበት ያ ሁሉ ፌስታል ውስጥ ገብቶ ገደል ይወርዳል፤ የዚህ ደጋ ገደል ደግሞ ጎርፉን የሚያወርደው ወደ ዓባይ ነው።

የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2008 እ.ኤ.አ. ሁለቱን አወዳድሮ ነበር። በከባቢ አየር ላይ በሚያሳድሩት ጫና በአማካይ ተቀራራቢ ሆነው ተገኙ፦ የሚጣለው ለአንድ ልጅ 550 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን፣ ጨርቁ 570። ምክንያቱ የጨርቁ ጫና ከአጣጠቡ ስለሚመጣ ነው፤ ሙቅ ውኃ፣ ማሽን፣ ማድረቂያ። ገመድ ላይ የሚሰጣና ለሁለተኛ ልጅ የሚደርስ ከሆነ የጨርቁ በጣም ይቀንሳል። እና ወዲያው «እኛ ጋ እኮ ሁሉም በቀዝቃዛ ውኃ፣ በእጅ፣ በፀሐይ ነው፤ ጨርቅ አሸነፈ!» ማለት ያምረናል።

እዚህ ላይ ነው ቆም ማለት ያለብን። እንግሊዝ አገር በኤሌክትሪክ ቆጣሪ የሚቆጠረው ድካም እኛ ጋ በሰው ጀርባ ነው የሚከፈለው፤ ያ ጀርባ ደግሞ ቆጣሪ የለውም። ጨርቅ ርካሽ የሆነው እጥበቱን በዜሮ ብር ስለምናስበው ነው። ትናንት ያጠበችው እናት ናት። ዛሬ እናት ቢሮ ስትገባ የምታጥበው ከገጠር የመጣች፣ ብዙ ጊዜ ራሷ ልጅ የሆነች የቤት ሠራተኛ ናት። አንዷን ሴት ወደ ሥራ የመለሰው ጨርቅ ሌላዋን ከትምህርት ቤት ያስቀረ ከሆነ ቁጠባ አልነበረም። የዕዳ ዝውውር ነው።

ስለዚህ የጨርቅ ጉዳይ የእናት ምርጫ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። አባት አለ። ያው 2010 የወጣው አዋጅ ለአባት 10 የሥራ ቀን ሰጥቶታል፤ ጨርቅ አስጥቶ ለመልመድ 10 ቀን ይበቃል። መሥሪያ ቤት አለ። አዋጁ ክፍል እንዲኖር አዟል፤ ክፍሉ ውስጥ ቧንቧ፣ ክዳን ያለው ባልዲ፣ መስጫ ገመድና ለእጥበቱ በደመወዝ የተቀጠረ አንድ ሰው ወይም አንድ ማሽን መኖሩን የሚወስነው ግን በጀት የሚያዘው ኃላፊ ነው። የ1940ዎቹ አሜሪካኖች ጨርቁን ያኖሩት በሚከፈለው እጥበት ነው። እኛ ጋ አንድ መሥሪያ ቤት ለአሥር ልጆች ጨርቅ ለማጠብ የሚያወጣው ወጪ አሥሩ ወላጆች በየወሩ ለዳይፐር ከሚያወጡት ጋር ተወዳድሮ በወረቀት ሊቀርብ የሚችል ሒሳብ ነው። በሚቀጥለው የበጀት ወቅት ይህን ወረቀት ጽፎ የሚያስገባ አንድ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ቢገኝ ይበቃል። ሒሳቡን የሚሠራው ሰው ወንድ ቢሆን ደግሞ ደስ ይለኛል።